የጉንዳን ዘመድ

ጋዜጣ የማነብበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን የጀመረኝ አመል ነው። የፊት ገጹ ያናድደኛል፣ የመሀሉ እንቅልፍ ያመጣብኛል፣ የኋላው ግን ቢያንስ ፈገግ ያሰኘኛል። እዚያ የኋላ ገጽ ጥግ ላይ «ያውቁ ኖሯል?» የምትል ሳጥን አለች። ታውቋታላችሁ። የሰጎን ዓይን ከአንጎሏ እንደሚበልጥ፣ በረሮ ጭንቅላቷ ተቆርጦ ሳምንት እንደምትሰነብት፣ ጉንዳን የክብደቷን ሃምሳ እጥፍ እንደምትሸከም የምትነግረን ሳጥን። የኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችንም ይህችኑ ሳጥን በሙዚቃ አጅበው «አስገራሚ እውነታዎች» ይሉናል። ከየት እንደተቀዳ አይነገረንም፤ እኛም አንጠይቅም። እንገረማለን፣ ለጎረቤት እናወራለን፣ አለቀ።

እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ይህቺን ሳጥን ከሚከላከሉላት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። «ሕዝቡ በዚህ ኑሮ ውድነት ላይ ትንሽ ቢገረም ምን ይጎዳል?» እል ነበር። አሁን አልልም። ለምን እንደማልል ልናገር፤ ነገሩ የሚያሳፍረው ደግሞ እኔኑ ነው።

ሐምሌን እንደ ወትሮዬ ቦንጋ፣ ታላቅ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። ቦንጋን ለማያውቃት፣ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ ጎጀብን ተሻግራችሁ የምታገኟት የካፋ ዞን ከተማ ናት። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። እዚያ ክረምት ሲባል ክረምት ነው። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ከሰዓት አረፍ ይላል፣ ማታ ያቋረጠውን ይቀጥላል። መሬቱ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ጉንዳኖች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሰው ቤት ይገባሉ። የእህቴን ማድ ቤት ወረሩት። ስኳሩ ውስጥ፣ ዳቦው ላይ፣ ማር ያለበት እንስራ አፍ ላይ፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ ጥቁር ክር የተዘረጋ ሰልፍ።

«አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ስትማር ለዚህ መላ የሚሆን ነገር አላስተማሩህም?» አለችኝ እትዬ። እኔ ደግሞ መላው ኪሴ ውስጥ ነበር። ከዚያችው ሳጥን የቀደድኳት ሦስት መስመር ጽሑፍ! ጉንዳን ጣፋጭ እንደሚወድ፣ የተባይ መድኃኒት ከስኳር ውሃ ጋር ቀላቅለው ቢያስቀምጡላት ተሸክማ ወስዳ ዘር ማንዘሯን እንደምትጨርስ ይናገራል። መምህር ነኝና በድምፅ አወጣጥ ጭምር አነበብኩላት። ወንድ ልጇ ገበያ ወጥቶ ግማሽ ሃይላንድ ነጭ ፈሳሽ ይዞ ተመለሰ።

«ምንድነው?»

«ማላታይን ነው አሉኝ።»

«ማነው ያለህ?»

«ሻጩ።»

ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለው «የተጣራ የምንጭ ውሃ» ነው። ስኳር በጠበጥን፣ ከፈሳሹ ጨመርንበት፣ በሰፊ ሳህን አድርገን የማድ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ አኖርነው። ከሰዓት ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች። በክረምት ልብ አበባ ጥቂት ነው፤ ንብ ደግሞ ፀሐይ ስታይ አትቀመጥም። ሳህኑ ላይ ንቦች ማረፋቸውን አይቻለሁ። ዋሽቼ አላየሁም አልልም። «ወይ ጉድ፣ ንቦቹም መጡ» ብዬ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ጎረቤታችን መጣ። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ከጓሮው ሦስት ቀፎ፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከአባቱ የወረሳቸው ዛፎች ላይ የሰቀላቸው ሌሎች አሉት። ይጮሃል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። ንቦች ናቸው፤ ምላሳቸውን አውጥተው የሞቱ። «መምህር፣ ገና ያልሞቱት ደጃፍ ላይ ይንቀጠቀጣሉ» አለኝ። ከሦስቱ ቀፎዎች ሁለቱ ዝም አሉ።

ጉንዳኖቹስ? ጉንዳኖቹ ደህና ናቸው። ጥቂቶቹ ሳህኑ ዳር ሞቱ፤ የቀሩት ሰልፋቸውን በአንድ ስንዝር አዙረው ወደ ስኳሩ መግባታቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ያቺን ሦስት መስመር እንመርምራት። የሚገርመው ነገር፣ ውሸት አይደለችም! ጉንዳኖች ሆዳቸው ውስጥ የያዙትን ምግብ አፍ ለአፍ ይቀባበላሉ፤ አንዷ የቀመሰችው ለብዙዎች፣ በመጨረሻም ለእጮቹና ለንግሥቲቱ ይደርሳል። ስለዚህ ማጥመጃ የሚባለው ዘዴ ይሠራል። የሚሠራው ግን መርዙ ደካማና ዝግተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቦሪክ አሲድ የሚባለው ዱቄት በስኳር ውሃ ውስጥ ሲደባለቅ መጠኑ ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ከበረታ ጉንዳኗ ጎጆዋ ሳትደርስ መንገድ ላይ ትሞታለች፣ ወይም ገና ሲሸታት ትሸሻለች። ማላታይን እንደ ቦሪክ አሲድ ቀን አይቆጥርም፤ ቶሎ የነርቭ ሥርዓትን የሚያውክ ነው። ደግሞም ማጥመጃ የሚቀመጠው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ጉንዳን እንጂ ንብ፣ ዶሮና ሕፃን የማያስገባ ቀዳዳ ተበስቶለት ነው። የመርዙ ስም፣ መጠኑ፣ ዕቃው፤ ሦስቱም ከሳጥኗ ውስጥ የሉም። ለምን? ስለማያስገርሙ!

ጠቤ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሳጥኖች የሚመርጡት የሚጠቅመውን ሳይሆን አፍ የሚያስከፍተውን ነው። ከአንድ እውቀት ላይ አብረቅራቂውን ጫፍ ቆርጠው ይሰጡናል፤ እጀታውን ይተውታል። ስለት ያለ እጀታ ደግሞ የሚይዘውን ሰው እጅ ይቆርጣል። እዚህስ የተቆረጠው የኔ እጅ ቢሆን ምን ነበር፤ የጎረቤቴ ነው እንጂ።

ሃምሳ እጥፉን እንውሰድ። ጉንዳን ከክብደቷ ብዙ እጥፍ መሸከሟ እውነት ነው። ታዲያ ተአምሩ ጡንቻዋ አይደለም፤ ትንሽነቷ ነው። አንድ አካል በቁመትም በጎንም እጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የጡንቻው ጉልበት ግን አራት እጥፍ ብቻ። ጉንዳንን በሰው ቁመት ብናሳድጋት ሃምሳ እጥፍ መሸከሟ ይቅርና በገዛ እግሯ መቆም ያቅታታል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የጨመረልን የለም። ይህ ሲነገር ነገሩ ከተረት ወደ ትምህርት ይለወጣላ!

«ጉንዳን አትተኛም» የሚባለውስ? ትተኛለች። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ በእሳት ጉንዳኖች ላይ የወጣ ጥናት ሠራተኞቹ በቀን 250 ጊዜ ያህል፣ በየጊዜውም አንዲት ደቂቃ እየሸለቡ እንደሚውሉ አሳይቷል። የአንዳንድ መሥሪያ ቤቶቻችንን ሠራተኞች ለማስታወስ አይደለም፤ ነገሩ ነገርን ስላነሳው ነው።

ከሁሉም የምታስቀኝ ግን ያቺ የአንስታይን ናት። «ንብ ከምድር ብትጠፋ የሰው ልጅ አራት ዓመት ብቻ ይኖራል ብሏል አንስታይን።» ስንት ጊዜ አንብባችኋል? አንስታይን ይህን ለማለቱ ማስረጃ የለም። አባባሉ ስሙ ተለጥፎበት ሲዞር የምናገኘው ሰውዬው ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። ደግሞስ ካፋ ላይ ቆሞ ይህን የሚያነብ ሰው መጠየቅ አልነበረበትም? የካፋ ገበሬ ከጓሮው ቆርጦ የሚበላው እንሰት ከሥሩ በሚያቆጠቁጥ ቡቃያ ነው የሚራባው፤ ንብ አያስፈልገውም። በቆሎውን ነፋስ ያዳቅለዋል። ጤፍ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች። ንብ ብትጠፋ የምናጣው ሌላ ነው፤ ኑጉን፣ ዱባውን፣ ማሩን፣ ከቡናውም ድርሻ። ንብን ለማክበር የአንስታይን የሐሰት ፊርማ አያስፈልገንም ነበር።

ቡናን ካነሳን፣ የካፋ ቡና ራሱን በራሱ ሊያዳቅል የሚችል ተክል ነው። ንብ ስትጎበኘው ግን የሚይዘው ፍሬ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት የወጣ ጥናት፣ የንብ ዝርያ በበዛበት ማሳ ከመቶው አበባ 90 ያህሉ ፍሬ ሲይዝ፣ ዝርያው ባነሰበት ግን 60 ያህሉ ብቻ እንደሚይዝ አሳይቷል። በእኛው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የቡናችንን አበባ ከሁሉም በላይ የምትጎበኘው ይህችው ቀፎ የምንሰቅልላት የማር ንብ መሆኗን አረጋግጧል። ይበልጥ የሚጥመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ነው። የቡና አበባ ወለላ ውስጥ ጥቂት ካፌይን አለ፤ ያንን የቀመሰች ንብ በማግሥቱ የአበባውን ሽታ የማስታወስ ዕድሏ ካልቀመሰችው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ቡናው ደንበኛ ያበጃል ማለት ነው! እንግዲህ ይህ አስገራሚ እውነታ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ከቦንጋ ጓሮ ያለ ነገር ሆኖ ሳለ ሳጥኗ ስለ ሰጎን ዓይን ትነግረናለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ፣ ሦስት ዲግሪ ያለኝ ሰው፣ ያን ቀን አንዲት ነገር ባውቅ ኖሮ እጄ ሳህኑን አይነካም ነበር። ጉንዳን የንብ ዘመድ ናት። በምሳሌ አይደለም፤ በዘር ሐረግ። ጉንዳን፣ ተርብና ንብ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረ መል ጥናት ደግሞ ጉንዳንን ከንብ ወገን ይበልጥ አቅርቧታል። ሁላችንም ከጉንዳን ጋር የምንቆጥረው ምስጥ ግን ዘመዱ በረሮ ነው። ታዲያ ጉንዳንን የሚገድል ፈሳሽ ንብን «አንቺ ማር ትሠሪያለሽና እለፊ» ብሎ እንዲተዋት የጠበቅነው በምን ሒሳብ ነው?

ቋንቋችንም እዚህ ላይ አላገዘንም። ንግሥቲቱን «አውራ» እያልን ስንት ዘመን ኖርን፤ አውራ እንደ አውራ ዶሮ። እኛ ብቻ አይደለንም፣ አሪስጣጣሊስም ንጉሥ ነው ያላት። አውሮፓ ውስጥ ሆዷ ተከፍቶ እንቁላል የምትጥል እናት መሆኗ ለዓይን የታየው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ታካቹን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን ይልከዋል፤ በበጋ መብሏን ስለምታከማች። በእኛ ገጠር ግን ገብረ ጉንዳን የምንለው ያን ተሰልፎ የሚጓዘውን፣ ሥጋ በሉን ነው፤ እህል አያከማችም፤ ይልቅስ የንብ ቀፎ ወርሮ ማሩንም እጩንም የሚፈጅ ነው። ጠቢቡ ያሰባት ጉንዳን ሌላ ናት። «ገብር» አገልጋይ ወንድ ነው፤ ሠራተኞቹ ጉንዳኖች ግን ሁሉም ሴቶች ናቸው። በቁርዓን «አን-ነምል» ምዕራፍ የምትናገረው ጉንዳን በሴት ግስ ነው የምትናገረው። የሰዋስው አባዜ ነው፣ ይለፈኝ።

ወደ ገበያው ልመለስ። መርዝ በውሃ ጠርሙስ መሸጥ እንዴት ተፈቀደ? አልተፈቀደም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለን፤ ያልተመዘገበና መለያ ጽሑፍ የሌለው ፀረ ተባይ እንዲህ እንደ ጠላ እየተቀዳ እንዲሸጥ አይፈቅድም። አዋጁ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ጠርሙሱ ገበያ ላይ። የወባ ርጭት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሠልጥኖ፣ ለክቶ፣ ጭንብል አጥልቆ የሚረጭ ባለሙያ አለው። እኔ የምለው ለእርሻ የመጣውን ብርቱ መርዝ ከየት እንደተቀዳ ሳናውቅ ስኳር ዕቃ አጠገብ ስለምናስቀምጠው ነው። ሕፃን ልጅ «የተጣራ የምንጭ ውሃ» የሚል ያነበበበትን ጠርሙስ ቢያነሳ ጥፋቱ የማነው? ወይስ ማንበብ አናስተምራቸው?

ካፋ ላይ ደግሞ ነገሩ ከአንድ ጓሮ ያልፋል። ይህ ዞን ጫካው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበለት ነው። ማሩ የዚህ ጫካ ማር ነው፤ ከጌተም አበባ ነጩ፣ ከግራዋና ከብሳና ሌላው። በካፋና በሸካ ጫካውን ለቀፎ በድርሻ የሚከፋፈሉበት «ኮቦ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ዛፉን የሚጠብቀው ቀፎው ነው፣ ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ማንም አይቆርጥም። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ማራችን እንዲገባ ሲፈቅድ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ማሩ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት አለመኖሩን የሚከታተል ዕቅድ ነው። ያን በር በስንት ድካም ከፍተን በሃይላንድ ጠርሙስ ልንዘጋው ነው?

«ታዲያ እትዬ ስኳሯን ለጉንዳን ትስጥ ወይ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ስኳር በዚህ ዋጋ! አትስጥ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰልፍ የሚከተለው ቀዳሚዋ ጥላው የሄደችውን ሽታ ነው። በሳሙና ውሃ ወይም በአቼቶ ጠንቅቆ ሲታጠብ መንገዱ ይጠፋል፤ ተከታዮቹ ገደል አፋፍ እንደደረሰ መንገደኛ ይዋልላሉ። የሚገቡበት ስንጥቅ ይደፈናል። የቁም ሳጥኑ አራት እግሮች ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ይቆሙና ጣሳው ውሃ ይሞላል፤ ጠብ የምትል ሳሙና ከተጨመረች ደግሞ በውሃው ቆዳ ላይ መራመድ ያቅታቸዋል። እናቴ ይህን ታደርግ ነበር። ጎረቤቴም የቀፎ ማቆሚያውን እግር ዙሪያ አመድ ይነሰንሳል፤ ገብረ ጉንዳን ለሱም ጠላቱ ነውና ጉንዳን አፍቃሪ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ጎጆው ጓሮ ውስጥ ከታወቀ የፈላ ውሃ አለ። ፍሊት መንፋት ግን የሚገድለው ፊት ለፊት ያገኘውን ነው፤ ንግሥቲቱ ጓዳዋ ናት። በአውሮፓ ሰው እጅ ያደገች አንዲት ጥቁር ጉንዳን ንግሥት 28 ዓመት ኖራለች፤ ታግሣ ሌላ ሠራዊት ታወጣለች። የፈርዖን ጉንዳን የምትባለዋ ቢጫ ትንሽዬ ደግሞ ሲነፋባት ጎጆዋን ለሁለትና ለሦስት ከፍላ በየክፍሉ ትሰፍራለች። ነፍታችሁ አባዛችኋት ማለት ነው።

ለጎረቤቴ የሁለቱን ቀፎ ዋጋ ልከፍል ብዬ ሄድኩ። አልቀበልም አለኝ። «መስከረም ላይ መንጋ ይገባል፤ ያን ጊዜ ቀፎ ስሰቅል ገመድ ትይዝልኛለህ» አለኝ። ያዝኩለት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው መምህር እንዴት ገመድ እንደሚይዝ ባታዩት ይሻላል።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ወደዚያ ጋዜጣ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ጨዋ ነው። ሁሉንም ሰምቶኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ ልክ ብለዋል፤ ግን አንባቢ ረጅም ነገር አይወድም» አለኝ። እርስዎ ጽፈው ይላኩልን ሲለኝ ግን ደስ አለኝ። ተቀምጬ ሦስት አንቀጽ ጻፍኩ፤ ጉንዳን የንብ ዘመድ መሆኗን፣ ክዳን ስለሌለው ሳህን፣ ስለ ጠርሙሱ፣ መጨረሻ ላይ ለጣዕም ያህል ስለ ቡናው አበባና ስለ ካፌይኑ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣ። አንድ መስመር ነው። «ያውቁ ኖሯል? ንቦች ቡና ይጠጣሉ!» ከጎኑ በቀለም የታተመ ትልቅ ፎቶ አለው። ገና ለገና ብዬ ቦንጋ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ለጎረቤቴ ላክሁለት። ማታ በእትዬ ስልክ ደወለልኝ።

«መምህር፣ ጋዜጣው ደርሶኛል። መነጽር አድርጌ አየሁት» አለኝ። «ይቺ እኮ ተርብ ናት።»